ቫልቭ ያለው ማስክ የሚጠብቀው ማንን ነው?

በ2012 ዓ.ም መጨረሻና በ2013 ዓ.ም በአዲስ አበባ አራዳ ክፍለ ከተማ ወደሚገኙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ያመራ ባለጉዳይ በአብዛኛው በር ላይ ሦስት ነገር ይጠብቀው ነበር። እነርሱም የእጅ መታጠቢያ ውኃና ሳሙና፣ የሙቀት መለኪያ የያዘ ሠራተኛ እንዲሁም ማስክ ማድረጉን የሚያረጋግጥ የጥበቃ ሠራተኛ ናቸው። ማስኩን ቤቱ ረስቶ የመጣ ሰው ወደ ፒያሳ የእግረኛ መንገድ ተመልሶ ከአዟሪ ይገዛል። አዟሪው ከደረደራቸው መካከል ሰማያዊው የቀዶ ሕክምና ማስክ፣ በየልብስ ስፌት ቤቱ የተሰፋ የጨርቅ ማስክ፣ ከፊቱ ወይም ከጎኑ ክብ ፕላስቲክ የተገጠመለት ማስክም ይገኙበታል። ይኸኛው ጠንከር ያለና የባለሙያ ዕቃ መስሎ ስለሚታይ ብዙዎች የተሻለ ነው ብለው ይመርጡት ነበር።

የጥበቃ ሠራተኛው የሚያየው አፍና አፍንጫ መሸፈናቸውን ነው። ከመስኮቱ በስተጀርባ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ መታወቂያ የሚያድሰው ወይም ግብር የሚቀበለው ሠራተኛ ግን ማወቅ የሚያስፈልገው ሌላ ነገር አለ። ከፊቱ የቆመው ሰው ወደ ውጭ የሚተነፍሰው አየር ተጣርቶ ነው የሚወጣው ወይስ እንዳለ?

መልሱ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ክቡ ፕላስቲክ የአየር መውጫ ቫልቭ ነው። ቫልቭ ያለው ማስክ በትክክል ተሠርቶ ፊት ላይ በደንብ ከተቀመጠ ያደረገውን ሰው ይጠብቃል፤ በአካባቢው ያለውን ሰው ግን ቫልቭ የሌለውን አቻውን ያህል አይጠብቅም። በዚህ ምክንያት የዓለም ጤና ድርጅት ወረርሽኝን ለመከላከል በሚደረጉ ማስኮች ላይ ቫልቭ እንዳይኖር መክሯል። ሆኖም በኋላ የተደረጉ ልኬቶች ጉዳዩ መጀመሪያ ከታሰበው ትንሽ የተለየ መሆኑን አሳይተዋል፤ ዝርዝሩ ከዚህ በታች ቀርቧል።

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19 ዓለም አቀፍ የጤና ስጋት መሆኑ ማብቃቱን ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም አስታውቋል። ይሁን እንጂ በወረርሽኙ ወቅት የተገዙ ማስኮች በልዩ ልዩ መጋዘኖች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ለጤና ተቋማትና ለግንባታ ሥራም ግዢው አልቆመም። የግዢ ጥያቄ የሚያዘጋጅ የሥራ ክፍል ዕቃው ለማን ጥበቃ እንደሚውል ለይቶ ካላወቀ ለአንዱ ሥራ የተሠራውን ለሌላው ሊያድል ይችላል።

የቫልቩ አሠራር

ቫልቩ ውስብስብ መሣሪያ አይደለም። ከውጭ የሚታየው ቀዳዳዎች ያሉት የፕላስቲክ ክዳን ሲሆን ከሥሩ ከጎማ ወይም ከሲሊኮን የተሠራ ስስ ሽፋን ይገኛል። ሰው አየር ወደ ውስጥ ሲስብ በማስኩ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚቀንስ ሽፋኑ ከመቀመጫው ጋር ይጣበቃል፤ በዚህ ጊዜ አየር የሚገባው በማጣሪያው በኩል ብቻ ነው። ወደ ውጭ ሲተነፍስ ግፊቱ ስለሚጨምር ሽፋኑ ይነሣና አየሩ በቀዳዳዎቹ በኩል ይወጣል። የቧንቧ ሠራተኞች ውኃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚገጥሙት ቼክ ቫልቭም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

እንግዲህ የሚገባው አየር ይጣራል፤ ከሚወጣው ውስጥ ብዙው ግን ማጣሪያውን ሳይነካ ያልፋል። በማስኩ ላይ የታተመው ቁጥር ገዢን የሚያሳስተውም እዚህ ላይ ነው። ኤን95 የሚለው የአሜሪካ ደረጃ ማጣሪያው 0.3 ማይክሮ ሜትር አካባቢ መጠን ካላቸው ቅንጣቶች ቢያንስ 95 በመቶውን እንደሚያስቀር ያመለክታል፤ አንድ ማይክሮ ሜትር የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። የአውሮፓው ኤፍኤፍፒ2 ደግሞ ቢያንስ 94 በመቶ ይጠይቃል። ሁለቱም ቁጥሮች የሚናገሩት ወደ ውስጥ ስለሚገባው አየር ነው። ቫልቭ ያለውም የሌለውም አንድ ዓይነት ቁጥር ሊታተምበት ይችላል፤ ቁጥሩን ብቻ አንብቦ የገዛ ሰው ስለሚወጣው አየር የተነገረው ነገር የለም።

ይህ የአሠራር ጉድለት አይደለም። መሣሪያው በመጀመሪያ የታሰበው በማዕድን ማውጫ፣ በሲሚንቶ ፋብሪካ፣ በእንጨት መሰንጠቂያና በቀለም ቅብ ለሚሠሩ ሠራተኞች ነው። በእነዚህ ቦታዎች አደጋው ያለው በአየሩ ላይ እንጂ በሠራተኛው ትንፋሽ ላይ አይደለም። ቫልቩ ሙቀትንና እርጥበትን ስለሚያስወጣ ረጅም ሰዓት ለሚሠራ ሰው ድካም ይቀንሳል፤ መነጽር ለሚያደርግም መነጽሩ በእንፋሎት እንዳይጋረድ ይረዳል። ለአቧራ ሥራ ጥሩ ዕቃ መሆኑን ማንም አይክድም። ችግሩ የጀመረው አቧራ ለመከላከል የተሠራው ዕቃ ሰው ከሰው በሚተላለፍ በሽታ ወቅት ወደ ታክሲና ወደ ቢሮ ሲገባ ነው።

ማስክ የታዘዘበት ምክንያት

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም መሆኑ ይታወሳል። በዚያው ወር በአዲስ አበባ የምሽት ጭፈራ ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። በደጃዝማች ውቤ አጥናፍሰገድ ስም የሚጠራውና በአንድ ወቅት በምሽት ሕይወቱ የታወቀው ውቤ በረሃ ከዚህ ውሳኔ በፊትም የቀድሞ ድምቀቱ ርቆታል፤ በአካባቢው የቀሩት ቤቶችም እንደ ከተማው ሁሉ በራቸውን ዘጉ። መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም የሚኒስትሮች ምክር ቤት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቁጥር 3/2012ን ደነገገ፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም አጸደቀው። አዋጁን ተከትሎ በወጣው ደንብ በገበያ፣ በሕዝብ ማመላለሻና ሕዝብ አገልግሎት በሚያገኝባቸው ቦታዎች አፍንና አፍንጫን መሸፈን ግዴታ ሆነ። መጨባበጥም ተከለከለ።

ፒያሳ ላይ ለውጡ በዓይን የሚታይ ነበር። በጠባብ ስፍራ እጅግ ብዙ ሰው ይተፋፈግበት የነበረው አትክልት ተራ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ጃን ሜዳ የጥምቀት በዓል የሚከበርበት ስፍራ በመሆኑ ገበያው ከ2013 ዓ.ም ጥምቀት በፊት እንደገና ተነሥቶ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄዷል። ሰማያዊና ነጭ ታክሲዎች ግማሽ ተሳፋሪ እየጫኑ በእጥፍ ዋጋ ሠርተዋል።

ከዚህ ሁሉ መካከል የማስኩ ግዴታ ዓላማ ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ተተርጉሟል። በወረርሽኙ መጀመሪያ ላይ የዓለም ጤና ድርጅት ማስክ እንዲያደርጉ ይመክር የነበረው የታመሙ ሰዎችንና እነርሱን የሚንከባከቡትን እንዲሁም የጤና ባለሙያዎችን ነበር። ድርጅቱ ግንቦት 28 ቀን 2012 ዓ.ም ምክሩን አሻሽሎ በሽታው በስፋት በሚሰራጭባቸውና ርቀትን መጠበቅ በማይቻልባቸው ቦታዎች ጤናማ የሚመስለው ሰው ሁሉ የጨርቅ ማስክ እንዲያደርግ አሳስቧል። ለለውጡ ትልቁ ምክንያት ምንም ምልክት ሳይታይበት ወይም ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ቫይረሱን የሚያስተላልፍ ሰው መኖሩ ነው። እንዲህ ያለው ሰው መታመሙን ስለማያውቅ ቤቱ አይቀመጥም፤ የሙቀት መለኪያም አይይዘውም። ሲናገር፣ ሲያስል፣ ሲተነፍስ ከአፉና ከአፍንጫው የሚወጡትን ጠብታዎችና ረቂቅ ቅንጣቶች እዚያው መያዝ ካልተቻለ ሌላ መንገድ የለም።

ስለዚህ ተራው የጨርቅ ማስክ በዋናነት የታዘዘው ለባለቤቱ ሳይሆን ከባለቤቱ ፊት ለቆመው ሰው ነው። የጨርቅ ማስክ ወደ ውስጥ የሚገባውን ረቂቅ ቅንጣት የማጣራት አቅሙ ውስን ነው፤ ከአፍ የሚወጣውን ጠብታ ግን ገና ትልቅና እርጥብ ሳለ ስለሚያገኘው ይይዘዋል። ሁሉም ካደረገ እያንዳንዱ በሌላው ማስክ ይጠበቃል። በዚህ ስምምነት ውስጥ ቫልቭ ያለው ማስክ ያደረገ ሰው የሌሎችን ጥበቃ ሙሉ በሙሉ እየተቀበለ የራሱን ድርሻ በከፊል ብቻ ይሰጣል፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ሳያውቀው።

የጤና ሚኒስቴርና የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በመስከረም 2013 ዓ.ም ይፋ ያደረጉት መመሪያ ቁጥር 30/2013 የአስቸኳይ ጊዜው ካበቃ በኋላም የማስኩን ግዴታ አስቀጥሏል። በመሥሪያ ቤቶች በር ላይ ማስክ ላላደረገ አገልግሎት እንደማይሰጥ የሚገልጹ ማስታወቂያዎች የተለጠፉት በዚህ ጊዜ ነው።

የቁጥጥር አካላት ምን አሉ?

ቫልቭን ለይተው ቀድመው ከከለከሉት መካከል የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ትጠቀሳለች። የከተማዋ ጤና ጥበቃ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 ባወጣው ትእዛዝ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈት ቫልቭ ያለው ማስክ የፊት መሸፈኛ ሆኖ እንደማይቆጠር ደንግጓል። ከተማዋ ለነገሩ እንግዳ አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ1918 በተከሰተው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ነዋሪዎቿ ማስክ እንዲያደርጉ በሕግ አስገድዳ ነበር፤ በዚያን ዘመን አንዳንድ አጫሾች ማስካቸውን በስተው ሲጋራቸውን በቀዳዳው ያጨሱ እንደነበር ይነገራል። ያው ወረርሽኝ በኅዳር 1911 ዓ.ም አዲስ አበባ ደርሶ ብዙ ሕዝብ ፈጅቷል፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንንም ታመው ድነዋል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተሰበሰበ የሚቃጠልበት የከተማዋ ልማድ ከዚያ የኅዳር በሽታ ጋር ተያይዞ ይወሳል።

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 ቫልቭ ያለው ማስክ ያደረገው ሰው በሽታ እንዳያስተላልፍ ለማድረግ እንደማይጠቅም አስታወቀ። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ኅዳር 22 ቀን 2013 ዓ.ም ባወጣው የተሻሻለ መመሪያ ቫልቩ የሚወጣው አየር ማጣሪያውን እንዲያልፍ ስለሚያደርግ ተመራጭ አለመሆኑን አመልክቷል። የጀርመኑ ሉፍታንዛ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2021 ጀምሮ መንገደኞች የቀዶ ሕክምና ማስክ ወይም ቫልቭ የሌለው ኤፍኤፍፒ2 ብቻ እንዲያደርጉ ጠይቋል፤ በርካታ የአሜሪካ አየር መንገዶችም ከዚያ ቀደም ብለው ተመሳሳይ ክልከላ አድርገዋል። ለስብሰባ ወደ ውጭ አገር የተጓዙ የሥራ ኃላፊዎች በወቅቱ በአውሮፕላን መግቢያ በር ላይ ሌላ ማስክ ፍለጋ መቸገራቸው የሚገርም አይሆንም።

ልኬቶቹ ያሳዩት

ጉዳዩ በግምት ብቻ አልቀረም። በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 ባሳተሙት ጥናት 14 ዓይነት የፊት መሸፈኛዎችን በሌዘር ብርሃን ፊት ፈትነዋል። ሰው እየተናገረ በብርሃኑ ውስጥ የሚያልፉት ጠብታዎች ሲቆጠሩ ቫልቭ የሌለው ኤን95 ከሁሉ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል፤ ቫልቭ ያለው ግን ከእርሱ በታች ነበር። በፍሎሪዳ አትላንቲክ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ሌላ ሙከራ ደግሞ በአሻንጉሊት ራስ ላይ በተገጠመ ማስክ ውስጥ ጭስ በመንፋት ጭሱ ከቫልቩ ወጥቶ ሲሰራጭ በፊልም ቀርጿል። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 የሙቀት ልዩነትን በሚያሳይ ልዩ የፎቶግራፍ ስልት ከቫልቩ የሚወጣውን ትንፋሽ አሳይቷል። በምስሉ ላይ ቫልቭ በሌለው ማስክ ፊት ለፊት የሚታየው ትንፋሽ ጥቂት ሲሆን ቫልቭ ካለው ግን እንደ ማንቆርቆሪያ እንፋሎት አንድ አቅጣጫ ይዞ ይወጣል።

ጉዳዩ እዚህ ላይ ቢቆም ውሳኔው ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ባወጣው ሪፖርት 13 ዓይነት ቫልቭ ያላቸውን ማስኮች ለክቶ ሌላ ገጽታ አሳይቷል። በሪፖርቱ መሠረት ደረጃውን የጠበቀና ቫልቭ ያለው ማስክ ቫልቩ ሳይሸፈን እንኳ ወደ ውጭ የሚለቀው ቅንጣት ከቀዶ ሕክምና ማስክ ወይም ከጨርቅ ማስክ ጋር ተመሳሳይ ወይም ያነሰ ነው።

ይህ ከላይ ከተባለው ጋር የሚጣረስ ሊመስል ይችላል፤ አይጣረስም። የቀዶ ሕክምና ማስክና የጨርቅ ማስክ ፊት ላይ አጥብቀው ስለማይቀመጡ በጉንጭና በአፍንጫ ዙሪያ ብዙ ትንፋሽ ሳይጣራ ያመልጣል። ኤን95 ግን በጠርዙ ዙሪያ ስለሚጣበቅ ማምለጫው ቫልቩ ብቻ ይሆናል፤ ከሚወጣው አየር ከፊሉም በማጣሪያው በኩል ያልፋል፤ ሌላው ደግሞ ከቫልቩ ክዳን ጋር ሲጋጭ ትላልቆቹ ጠብታዎች እዚያው ይቀራሉ። በሌላ አነጋገር ንጽጽሩ ከማን ጋር ነው የሚለው ወሳኝ ነው። ቫልቭ ከሌለው አቻው ጋር ሲነጻጸር ያንሳል፤ ከላላ ጨርቅ ጋር ሲነጻጸር ግን አያንስም።

ከዚህ በመነሣት ትክክለኛ ኤን95 ከቫልቭ ጋር ያደረገን ሰው ምንም እንዳላደረገ ቆጥሮ ማመናጨቅ ተገቢ አልነበረም ለማለት ይቻላል። ዳሩ ግን ፒያሳ ላይ በአዟሪ እጅ የነበረው ሁሉ ትክክለኛ ኤን95 አልነበረም። ከስስ ጨርቅ ወይም ከስፖንጅ መሰል ነገር ተሰፍቶ ክብ ፕላስቲክ ለጌጥ ያህል የተለጠፈበት ማስክ በዓለም ገበያ ሞልቶ ነበር። አንዳንዱ ውስጡ ሲታይ ፕላስቲኩ ከውስጥና ከውጭ ተገጥሞ በመካከሉ ሽፋን የሚባል ነገር የለውም፤ በሁለቱም አቅጣጫ ክፍት ቀዳዳ ነው። ሪፖርቱ የለካው እንዲህ ያለውን አይደለም። እንዲህ ያለው ማስክ ሌላውንም ባለቤቱንም አይጠብቅም፤ የጥበቃ ሠራተኛውን ብቻ ያልፋል።

ቫልቭ ተገቢ የሚሆንባቸው ሥራዎች

ከወረርሽኙ በኋላ በዚሁ አካባቢ ማስክ በብዛት የተፈለገበት ሌላ ጊዜ መጥቷል። በ2016 ዓ.ም በኮሪደር ልማት ሥራ በፒያሳና ዶሮ ማነቂያን በመሳሰሉ አጎራባች ሰፈሮች በርካታ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። ከድንጋይ፣ ከጭቃና ከሲሚንቶ ፍርስራሽ የሚነሣው ደቃቅ አቧራ በተለይ በድንጋይና በኮንክሪት መቁረጥ ጊዜ የሚወጣው ሲሊካ ለሳንባ አደገኛ መሆኑ የታወቀ ነው። ለአፍራሽና ለግንበኛ፣ ለድንጋይ ቆራጭ፣ ለመንገድ ጠራጊም ጭምር በደንብ የሚገጥም ቫልቭ ያለው ማስክ ተገቢ ምርጫ ነው። ሜዳ ላይ የሚሠራው ሠራተኛ አብሮት ከሚሠራው የሚሰጋው ትንፋሹን ሳይሆን ሁለቱም የሚስቡትን አቧራ ነው። በሙቀትና በከባድ ሥራ ጊዜ ቫልቭ የሌለው ማስክ ቢሰጠው ብዙም ሳይቆይ ወደ አገጩ ያወርደዋል። አገጭ ላይ ያለ ማስክ ደግሞ ማንንም አይጠቅምም።

በጤና ተቋማት ውስጥ ልዩነቱ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ኢትዮጵያን የሳንባ ነቀርሳ ጫና ከሚበዛባቸው 30 አገሮች አንዷ አድርጎ ይመድባታል። በነቀርሳ ሕክምና የቆየው አሠራር ታካሚው የቀዶ ሕክምና ማስክ፣ ባለሙያው ደግሞ ኤን95 ወይም አቻውን እንዲያደርጉ ነው፤ የታካሚው ማስክ የሚወጣውን ሲገታ የባለሙያው ማስክ የሚገባውን ይገታል። ቫልቭ ያለው ማስክ ለታካሚ ከተሰጠ ይህ አሠራር ይገለበጣል። በቀዶ ሕክምና ክፍልም የሐኪሙ ትንፋሽ በተከፈተ ቁስል ላይ እንዳይወርድ ስለሚፈለግ ቫልቭ ያለው ማስክ አይፈቀድም። እንደ ኮቪድ-19 ባለ በሽታ ወቅት ደግሞ ባለሙያው ራሱ ሳያውቀው በሽታውን ይዞ ሊሆን ስለሚችል ቫልቭ የሌለው ብቻ ይመረጣል።

የሕዝብ አገልግሎት መስጫ መስኮቶች፣ የስብሰባ አዳራሾች፣ የመማሪያ ክፍሎችና የሕዝብ ማመላለሻዎች የሚመደቡት ከዚህ ከኋለኛው ጋር ነው። የመተንፈሻ አካላት ወረርሽኝ ሲከሰት በእነዚህ ቦታዎች የሚታደል ማስክ ቫልቭ ሊኖረው አይገባም።

በግዢና በርክክብ ጊዜ

ለግዢ የሚዘጋጅ ዝርዝር መግለጫ «ኤን95 ማስክ» ብሎ ብቻ ካለፈ አቅራቢው ቫልቭ ያለውንም ቢያቀርብ ውሉን አላፈረሰም። ስለዚህ «ያለ አየር መውጫ ቫልቭ» የሚለው ሐረግ በግልጽ መጻፍ ይኖርበታል፤ ለግንባታና ለጽዳት ሥራ የሚገዛ ከሆነም «ከአየር መውጫ ቫልቭ ጋር» ተብሎ ለብቻው በሌላ ተራ ቁጥር ይጠየቃል። ሁለቱን በአንድ ተራ ቁጥር አጠቃሎ መግዛት በኋላ በዕደላ ጊዜ መደበላለቅን ያስከትላል።

ዕቃው በሞዴል 19 ገቢ ከመደረጉ በፊት ከካርቶኑ ጥቂት ናሙና አውጥቶ ማየት ብዙ ጊዜ አይወስድም። የአሜሪካን ፈቃድ ያገኘ ኤን95 በላዩ ላይ በቲሲ-84ኤ የሚጀምር የማረጋገጫ ቁጥር የታተመበት ሲሆን ማሰሪያው በራስ ዙሪያ የሚያልፍ እንጂ ጆሮ ላይ የሚንጠለጠል አይደለም። የአውሮፓው ኤፍኤፍፒ2 ደግሞ ኢኤን 149 የሚለውን የደረጃ ቁጥርና ከሲኢ ምልክቱ አጠገብ ባለአራት አሃዝ ቁጥር ይይዛል። የቻይናው ኬኤን95 በአብዛኛው በጆሮ ስለሚያዝ ፊት ላይ ያለው አቀማመጥ ሊላላ ይችላል፤ ስለዚህ ናሙናውን ሰው አድርጎት ጠርዙን መፈተሽ ይጠቅማል።

ቫልቩን ራሱን ለመፈተሽ ማስኩን ገልብጦ ከውስጥ በኩል ማየት በቂ ነው። ቀዳዳው በስስ ሽፋን ከተዘጋ ቫልቩ እውነተኛ ነው፤ ብርሃን በቀጥታ ካሳለፈ ጌጥ ነው። ማስኩ ተደርጎ በኃይል ሲተነፈስ እጅን ከፕላስቲኩ ፊት ማስጠጋትም ይቻላል። ሞቅ ያለ አየር አንድ ቦታ ላይ ተሰብስቦ ከመጣ ፊት ለፊት የሚቆም ሰው የሚደርሰው ያው ነው።

ጢም ያለው ሠራተኛ የትኛውንም ዓይነት ቢያደርግ ጠርዙ ስለማይጣበቅ ጥበቃው ይቀንሳል። ኤን95ን በሳሙና ማጠብ ወይም አልኮል መርጨትም ተገቢ አይደለም፤ የማጣሪያው ጨርቅ ረቂቅ ቅንጣቶችን የሚይዘው በኤሌክትሪክ ሙል ጭምር ስለሆነ ሙሉ ሲጠፋ ከውጭ ሳይለወጥ የማጣራት አቅሙ ይወርዳል። በወረርሽኙ ወራት ብዙ ሰው ቆጥቦ ለመጠቀም ብሎ ይህን አድርጓል።

በእጁ ቫልቭ ካለው ማስክ በቀር ሌላ ለሌለው ሰው የሥራ ደኅንነት ኢንስቲትዩቱ ሪፖርት ቀላል መላ አስቀምጧል። የቫልቩ የውስጥ በኩል በሕክምና ፕላስተር ሲሸፈን ወደ ውጭ የሚወጣው ቅንጣት ቫልቭ የሌለውን ማስክ ያህል ይቀንሳል። በላዩ የቀዶ ሕክምና ማስክ መደረብም የሚወጣውን ቅንጣት ይቀንሳል። መተንፈስ ትንሽ ይከብዳል እንጂ ሌላ ወጪ የለውም። ይህ ግን ለግለሰብ የሚሆን ጊዜያዊ ዘዴ ነው፤ አንድ መሥሪያ ቤት ሺህ ማስክ ገዝቶ ሺህ ፕላስተር ሊለጥፍ አይጠበቅበትም።

በመጋዘን ያሉ ቫልቭ ያላቸው ማስኮች የመጠቀሚያ ጊዜያቸው ካላለፈና ማሰሪያቸው ካልላላ መወገድ የለባቸውም። ከሌሎቹ ተለይተው በቢን ካርዳቸው ላይ «ለአቧራ ሥራ» ተብለው ይመዘገቡና ለጽዳት፣ ለጥገናና ለመዝገብ ቤት ሠራተኞች በሞዴል 22 ወጪ ሊደረጉ ይችላሉ። የቆየ ፋይል የሚያገላብጡት የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ነጠላ ወይም ሻርፕ አፍንጫቸው ላይ ጠቅልለው ሲሠሩ መታየታቸው የተለመደ ነው።